ያረድኩት ዓሣ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፤ ስማችን ለማንም አይጠቅምም። አንደኛው እኔ ነኝ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብና መጻፍ በራሴ የተማርኩ፣ ልጆቼ «አባባ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ራሱ ድምፁን ይቀንሳል» እያሉ የሚያሙኝ ሰው። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ኮምቦልቻ ይኖራል፤ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ከባድ መኪና ይነዳል። በወጣትነቱ የሙስሊም ልጅ ወዶ፣ ሃይማኖቷን ተቀብሎ አግብቷታል። ሦስተኛዋ ሚስቴ ናት። አራተኛዋ ባለፈው ጥር የዳርናት ትንሿ ልጄ። አምስተኛዋ የወንድሜ ሚስት። ስድስተኛው ጅቡቲ አገር፣ ከታጁራ ከተማ ወዲያ ባለ ጠረፍ ጀልባ ያለው አንድ አፋር ነው። እሱ ከእኛ ጋር የዋለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ግን ከሁላችንም የበለጠ የሳቀው እሱ ስለሆነ ልተወው አልችልም።

ነገሩ ዓሣ ነው። ዓሣ ለማጥመድ ከወሎ ተነስተን ባሕር ድረስ ሄድን። እኔ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሲንከራተት የማልወድ፣ ልጆቼን «ሥራ የሌለው እግር ነው መንገድ የሚያበዛው» እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ምክንያቱን መናገር አለብኝ።

እኛ ወሎዎች አብረን እናለቅሳለን፣ አብረን እንድራለን። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ጎረቤቱ መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ደጋሽ ሁለት ቦታ ያርዳል፣ ሁለት ቦታ ይጥዳል፣ ሰፊ ግቢ ካለው ሁለት ድንኳን ይተክላል። በዚህ የሚቀየም ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም አልተቀየምኩም። ወንድሜ ከሰለመ ወዲህ በበዓል በመጣ ቁጥር የሱ ዶሮ በሱ እጅ ታርዶ በሌላ ድስት ይሠራል፣ በሌላ ሳህን ይቀርባል፣ እንስቃለን፣ ይሄዳል።

ትልቋን ልጄን ስድር ግን አንድ ነገር ሆነ። ሙሽራዋን ለመመረቅ የአባቷ ወንድም ሲጠራ፣ እሱ ከወዲያኛው ድንኳን ነበርና ሰው ተልኮ መጣ። እጁን በመሐረብ እየጠረገ፣ በተቀመጠው ሰው መሐል እየተጋፋ ሲገባ፣ ከአማቾቻችን አንዱ «ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነው?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ረስቶ ነው እንጂ ክፋት አልነበረውም። ወንድሜ ሰማ። መርቆ ጨርሶ ወጣ። በሩ ላይ ደርሼ ስይዘው እንዲህ አለኝ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ከዛሬ በኋላ በወንድሜ ቤት ሌላ ድንኳን ውስጥ አልቀመጥም። ወይ ካንተ ጎን ሆኜ አንድ ትሪ ላይ እበላለሁ፣ ወይ ጭራሽ አልመጣም።»

«በቁጣ ነው የምትናገረው።»

«በቁጣ አይደለም። ወላሂ በቁጣ አይደለም።»

እውነቱን ነበር። የትንሿ ሠርግ ሲቃረብ ኮምቦልቻ ወርጄ ነገርኩት። «እመጣለሁ» አላለም፤ «ትሪው እንዴት ነው?» አለ። ለኔ ይህች ልጅ ያለ አጎቷ ከምትዳር ሠርጉ ቢቀር ይሻል ነበር። አባታችን ሲሞት እሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሱም የኔን ልጆች ጫማ ገዝቶ ያላመጣበት ዓመት የለም። ይህ ነው ጉዳዩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሥጋ የሌለበት ምግብ እናቅርብ ብዬ ለሚስቴ ብነግራት ከት ብላ ሳቀች።

«ሽሮ? ልጅቷን እየዳርናት ነው ወይስ እየቀበርናት?»

«ሽሮ አልወጣኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የወጣህ? ምስር? አንተ ሰውዬ፣ ሰው ስጦታ ይዞ መጥቶ ምስር በልቶ ይሂድ?»

በዚህ ዓይነት ነገር ከሷ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ቀን የለም።

ዓሣውን ያመጣው ወንድሜ ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ ሥራ ቤቴ ድረስ መጣና የተላገ ጣውላ ላይ ተቀመጠ። አትቀመጥበት ብለው የማይሰማ እሱ ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ዓሣ እኮ አይታረድም» አለ።

«እና?»

«እናማ የማንም አይደለም። የኔም ነው፣ ያንተም ነው። ከውሃ ይወጣል፣ ይሞታል፣ ይበላል። ቢላ የለበት፣ ስም የለበት።»

መጋዙን አቆምኩ። ስድሳ ዓመት ኖሬ ይህን አስቤው አላውቅም። ከሐይቅ እንግዛ አልኩት። «የሐይቅ ዓሣ እሾህ ነው» አለ። «እኔ የማውቀው ዓሣ አንዱ በግ ያህላል። የባሕር ነው። ደግሞ መግዛት ምን ያደርጋል? ሁለታችን በእጃችን እናውጣው። ከዚያ ማን ነው ይሄ የማን ወገን ነው የሚለኝ? ዓሣውን ያወጣሁት እኔ!»

እንደ ልጅ ዓይኑ በርቶ ነበር። እኔም እንደ ልጅ ተከተልኩት።

ሁለት ሳጥን ሠራሁ። ውስጣቸውን በቆርቆሮ ለበጥኩ፣ በቆርቆሮውና በጣውላው መሐል ሰጋቱራ ጠቀጠቅኩ፤ ሰጋቱራ በረዶ እንዳይቀልጥ ይከላከላል። ሁለት ያደረግኳቸው አንድ ትልቅ ሳጥን ሲሞላ ሁለት ሽማግሌ አያነሳውም ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ፓስፖርት አወጣሁ፣ ቪዛው ተመታልኝ፣ በወንድሜ መኪና ከኮምቦልቻ ተነሳን። ባቲን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን፣ ከሎጊያ ወዲያ ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ። ዛፍ የሌለበት አገር እንጨት ለሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ኬላውን አልፈን ጅቡቲ ስንደርስ መኪናው ጭነት ለመጫን ተራ ያዘ። ተራው እስኪደርስ በመሻገሪያ ጀልባ ወደ ታጁራ ተሻገርን፤ ከዚያ በፒክአፕ ብዙ ተጉዘን፣ ቤት ሳይሆን ጥላ ብቻ ያለበት አንድ ባሕር ዳር ደረስን።

አፋሩ፣ ወንድሜ አስቀድሞ ደውሎለት፣ ጀልባው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። ሎጊያ ሠርቶ አማርኛ ያውቃል። እንዳየኝ «አንተ ነህ ትልቁ?» አለኝ። እኔን ደሴ ውስጥ አንተ የሚለኝ ጥቂት ሰው ነው። ፊቴ ሳይቀየር አልቀረም፤ ወንድሜ ጣልቃ ገባና «የሱ አማርኛ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም፣ ለፕሬዚዳንትም አንተ ነው የሚል» አለኝ።

«ሳጥኑ ጥሩ ነው» አለ አፋሩ ሳጥኖቼን መታ መታ እያደረገ። «የሬሳ ነው?»

«የዓሣ ነው።»

«ኧረ! ይሄ ሁሉ ዓሣ ለምን?»

«ለሠርግ።»

ወንድሜን ዞር ብሎ አየው። በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር አለና ሳቀ። መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

በጀልባዋ እየሄድን ሳለ ስለ ሥራው ጠየቅኩት። ብዙውን ጊዜ የሚጭነው ፈረንጅ ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ፣ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያጠምዳሉ፣ ያወጡትን አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ይስሙትና ወደ ባሕር ይመልሱታል አለኝ።

«ይስሙታል?»

«አንዳንዱ ይስማል።»

«አይበሉትም?»

«ሆቴል ዶሮ ይበላሉ።»

ነፍስ ያለውን ፍጥረት አፉን ወግቶ መጫወቻ ማድረግ ኃጢአት ነው አልኩት። «ይመልሱታል እኮ» አለኝ። ከነቁስሉ ነዋ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። እስካሁን ይህን ነገር አገላብጬ አስበዋለሁ። የሚበላ ሰው ይገድላል፤ የማይበላ ሰው ይተዋል። በመሐል ያለውን ሰው ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ደግሞ እኔ ራሴ ያን ዕለት ከየትኛው እንደሆንኩ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔም ዓሣ ርቦኝ አልነበረም የሄድኩት።

ዳርቻው ሲጠፋ አፋሩ ሞተሩን አጠፋ። ለእያንዳንዳችን የናይለን ክር ሰጠን፤ ጫፉ ላይ ማስመጫ ብረት፣ ከብረቱ ከፍ ብሎ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ የትንሽ ዓሣ ቁራጭ። «ልቀቀው» አለ። ለቀቅኩት። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያልቅም። «መሬት ሲነካ ይላላል፤ አንድ ክንድ ሳብና ጠብቅ። ትልቁ ዓሣ ከታች ድንጋይ ውስጥ ነው የሚተኛ።»

እኔ በሕይወቴ ሙሉ ሳላይ የቆረጥኩት ነገር የለም። አያለሁ፣ እለካለሁ፣ አሰምራለሁ፣ እቆርጣለሁ። እዚህ ግን ክሩ ጣቴ ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ብረቱ መሬት ይንካ፣ ድንጋይ ይንካ፣ ዓሣ ይንካ በምን ልወቅ? ሰማዩም ያው፣ ውሃውም ያው። አንድ ጊዜ ወደ ታች የማይ መስሎኝ ወደ ላይ እያየሁ ነበር። ጭንቅላቴ ውስጥ እንጨት የማስተካክልበት ውሃ ልክ የተዛባ መሰለኝ።

ወንድሜ ደግሞ ታመመ። ጎልማሳነቱን በሙሉ መሪ ይዞ በዚያ ገደልና ጠመዝማዛ ሲመላለስ ማዞር የማያውቀው ሰውዬ፣ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ በጎን ተደፍቶ ያስመልሳል።

«እንዳንተ ያለ ሹፌር አይቼ አላውቅም» አልኩት።

«መንገድ ስለሌለው ነው» አለ ሳይነሳ። «መንገድ ቢኖረው…» አልጨረሰውም።

ያን ጊዜ ጣቴን አንድ ነገር መታኝ። ኳ፣ ኳ። ቀጥሎ ክሩን ሊወስደው ሞከረ። ሳብኩ። እጄ በመጋዝና በመሰርሰሪያ የጠነከረ ነው፤ እሱንም ላጠው። መጀመሪያ የወጣው ትንሽ ሻርክ ነበር፤ ቆዳው የእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ይመስላል። መጽሐፍ ከውሃ ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል፤ ይህ ቅርፊት የለውም። «መልሰው» አልኩ። አፋሩ «አንተም እንደ ፈረንጅ ነህ» አለኝ፤ «አትስመውም?»

ሁለተኛው ግን ቡናማ፣ አፈ ሰፊ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እውነትም ግልገል በግ የሚያህል ነበር። ሐሙር የሚባለው የድንጋይ ሥር ዓሣ ነው አለ አፋሩ። ጀልባዋ ወለል ላይ ጣልኩት። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ይንፈራገጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይንፈራገጣል።

እንግዲህ ያደረግኩትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ልናገር። ከብት ሳይባረክ ሲሞት አይቼ ማለፍ አልችልም። በቤታችን በግ ገመድ ጠልፎት እየሞተ ቢገኝ እንኳ ሮጠን ቢላ እናደርስለታለን፤ ሳይታረድ የሞተ ጥንብ ነው፣ አይበላም፣ ደግሞም እንስሳውን ማሰቃየት ነው። እጄ ራሱ ነው ወደ ቢላው የሄደው። የዓሣውን ራስ ወደ ኋላ ቀለስኩ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አልኩና ጉሮሮውን ቆረጥኩት። ዝም አለ። ልቤ አረፈ። ከዚያ ሌላ ወጣ፤ እሱንም አረድኩት። ሌላም። ያወጣሁትን ሁሉ፣ አንድም ሳልዘል።

አፋሩ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ወንድሜ ሆዱ ትንሽ ሲያርፍለት ቀና አለ። ደሙን አየ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያረድኩ ነዋ።»

«ዓሣ?»

«ታዲያ ቁጭ ብዬ ሲሞት ልየው?»

«ስም ጠርተህበታል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቢላው እጄ ላይ ነው። ውሸት አልናገርም፤ «ጠርቻለሁ» አልኩት።

አፋሩ በሳቅ ጀልባዋን አናወጣት። አንዱን ዓሣ ብድግ አድርጎ፣ በጉንጩ በኩል ያለውን መተንፈሻ በጣቱ ከፍቶ አሳየኝ፤ ውስጡ ቀይ ነው፣ ሁለት በኩል የተሰነጠቀ። «ይሄን አየህ? ይሄ መታረጃው ነው። አላህ አርዶ ነው የፈጠረው። አንተ ሁለተኛ ነው ያረድከው። የታረደ ማረድ ምንድን ነው?»

«እና አሁን ማን ይብላው?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ! ዓሣ ነው እኮ። አንተ ዓሣ ክርስቲያን ልታደርግ ትችላለህ?»

ወንድሜ ግን አልሳቀም። ከንፈሩን ጠረገ፣ የራሱን ክር ወሰደ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ውሃ ለቀቀው። እያስመለሰው ያጠምድ ጀመር። ያወጣውን ዓሣ እኔ እጅ እንዳይደርስ እግሩ ሥር ያስገባዋል፣ እስኪሞት ይጠብቃል፣ ከዚያ ራሱ ተሸክሞ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዴ እንኳ የኔ ሳጥን ውስጥ አልጨመረም። ስንመለስ ሁለቱም ሳጥኖች ሞልተው ነበር። አንድ ትሪ ልናመጣ ሄደን ሁለት ሳጥን ይዘን ተመለስን።

ጅቡቲ ተመልሰን፣ ዓሣው ላይ በረዶ ነስንሰን፣ በተጫነው መኪና ወደ አገራችን ተነሳን። እኔ በሐሳቤ ነገሩን ልፈታው እሞክራለሁ። አፋሩ ልክ ከሆነ ቢላዬ ምንም አላደረገም። ቢላዬ ምንም ካላደረገ ወንድሜ ለምን ዓሣውን ለየብኝ? ደግሞ እኔስ ስሙን ጠርቼ ምንም አልሆነም ልበል? የእግዚአብሔርን ስም ጠርተው ምንም አልሆነም ይባላል? የጠራሁትን ልመልሰው አልችልም፤ ብችልም አልመልሰውም። ታዲያ ምን አጠፋሁ? አጥፍቻለሁ ብዬ እንዳልጸጸት ምሕረት ነው ያደረግኩት፤ አላጠፋሁም እንዳልል ወንድሜ መሪውን አንቆ ይዟል።

ሎጊያ ላይ በረዶ ጨመርን። ሚሌ ስንደርስ ወንድሜ ተናገረ።

«አልበላም አልኩህ?»

«አላልክም።»

«እበላለሁስ ብዬሃለሁ?»

«አላልክም።»

«ሰውዬው ያለው እውነት ነው፤ ዓሣ መታረድ የለበትም፣ ቢታረድም ዓሣ ነው። አውቃለሁ። ሼሁን ብጠይቃቸው እሳቸውም ይስቁብኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔንጃ! አፌ ላይ ሳደርሰው ያንተ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። በስመ አብ ስትል። ልጅ ሆኜ በግ ስትባርክ እሰማው የነበረው ያው ድምፅ።» ማርሹን ቀየረ። «ይሄን እንዴት ብዬ ነው ከዓሣው የማወጣው?»

ልጆቼ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።

ኮምቦልቻ የወንድሜ ሚስት ሳጥኖቹን ከፍታ አየች። «ማሻ አላህ» አለች። ከዚያ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ሄደ፤ በአንዱ ያሉት ጉሮሯቸው ተቆርጧል፣ በሌላው አልተቆረጠም። «ለምን ለያያችሁት?»

«ለሚዛኑ ነው» አለ ወንድሜ።

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ፈገግ አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ለማን እንደደወለች የገባኝ ቆይቶ ነው።

ደሴ ስደርስ ሚስቴ ዓሦቹን አይታ አፍንጫዋን ያዘች። ቢሆንም ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና ቅርፊቱን ፋቀችው፣ ሆዱን ከፈተችው፣ አጠበችው። ይህን የሚያህል ዓሣ የሚችል መጥበሻ ስለሌለን ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት እንዲጋግረው ለመንኩ። ዳቦ ጋጋሪው «ጋሼ፣ ነገ ዳቦዬን ማን ሊገዛኝ ነው?» ብሎ አጉረመረመና እሺ አለ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ግቢዬ ስወጣ ሁለት ድንኳን ተተክሏል። በአንዱ ጓሮ በሬ ተጥሏል፤ በሌላው ሼሁ ፍየል ባርከው አርደዋል። ሚስቴን ጠራኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥጋ ነው።»

«ዓሣ አለ አልኩሽ እኮ!»

«ዓሣህ አለ። ማን ነካው? የወንድምህ ሚስትና እኔ ተነጋግረን ነው፤ ሰው ጦሙን እንዳይውል ብለን።» ቀጥላ «ቁጣህን ለነገ አቆየው፣ ዛሬ ሙሽራ አለብን» አለችኝ።

ዓሣው ቀረበ። ትሪ ሙሉ፣ ከነራሱ፣ አፉን እንደከፈተ። የሙሽራው እናት «ኧረ በማርያም፣ ያየኛል» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። አንዱ ሽማግሌ «እሾሁ ጉሮሮ ይይዛል» አሉ። ወጣቶቹ ፎቶ አነሱት። ማንም አልቆረሰለትም። ከሁለቱም ድንኳን ሰው እየመጣ ያየዋል፣ ያደንቃል፣ ወደ ሥጋው ይመለሳል። ሙሽራይቱ ልጄ ከወንበሯ ሆና ወደ በሩ ታያለች። «አባባ፣ ጋሼ መጣ?» አለችኝ። አልመጣም አልኳት። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም።

ሥጋው ተበልቶ ሊያልቅ ሲል ወንድሜ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ነጭ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ የትኛው ድንኳን እንደሚገባ የሚያስብ ሳይሆን ሊመለስ የሚያስብ ይመስል ነበር። ትልቁን ዓሣ ከነትሪው አንስቼ፣ በሁለቱ ድንኳኖች መሐል ባለው ባዶ ቦታ አንድ አግዳሚ ወንበርና ጠረጴዛ አስወጥቼ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ወንድሜ መጣና ከጎኔ ቆመ።

«ከየትኛው ሳጥን ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሴቶቹ ሲያጥቡት የሁሉንም ጉሮሮ ከፍተው መተንፈሻውን አውጥተውታል። የኔም የሱም አንድ ዓይነት ተቆርጠዋል።

«አላውቅም» አልኩት። «አልዋሽህም፣ አላውቅም። ሴቶቹ ሁሉንም አርደውታል።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ዓሣውን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ተቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ትሪውን በጣቱ ገፋ አድርጎ አዞረው። «አንተ ከራሱ በኩል ጀምር» አለኝ፤ «እኔ ከጭራው እመጣለሁ።» ቢስሚላህ አለ። እኔም በልቤ የምለውን አልኩ። በላን።

«ጨው አንሶታል» አለ።

«ባሕር ውስጥ ኖሮ እንዴት ጨው ያንሰዋል?»

«እኔንጃ ወንድም ጋሼ።»

እኔም አላውቅም። ከሳጥኑ የትኛው እንደሆነ፣ በልቶ ምን እንደተሰማው፣ ያ ድምፅ ጆሮው ላይ ይኑር አይኑር አልጠየቅኩትም፤ እንዳልጠይቀውም ራሴን ገዝቻለሁ። ልጄ መጥታ በመሐላችን ቆመችና ሁለታችንም መረቅናት፣ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፤ ማንም የማን ወገን ነው ብሎ አልጠየቀም። የቀረው ዓሣ ግን የሚበላው አጣ። ለጎረቤት ሰጠን፣ ጎረቤት መለሰው፤ በመጨረሻ ለጅብ ወጣ፤ ይህን ያህል የእግዚአብሔር ፍጥረት ከባሕር አውጥቶ መጣል ትክክል ነው ብዬ ልጆቼን ላስተምር አልችልም። ወንድሜ ግማሹን እኔ ልክፈል ብሎ ሙጭጭ አለ፤ ሴቶቹም ለበሬውና ለፍየሎቹ ያወጡትን አመጡ፤ ጀልባውን፣ መንገዱን፣ በረዶውን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ሁለቱን ድንኳን ጨምረን ስንደምረው፣ ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ትሪ አንድ ዓሣ የበሉበት ዋጋ ለሁላችንም ሦስት መቶ አርባ ሺህ ብር ሆነ።